ምድርን ስትዞር ያሳየው ሰው እና የመኪናችሁ ጉልበት

ስልካችሁን ዳሽቦርድ ላይ አጥብቃችሁ ታስራላችሁ፣ አንድ አፕ ትከፍታላችሁ፣ ሹፌሩ ነዳጅ ይረግጣል። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ አፑ ውጤቱን ይዘረግፈዋል። መኪናዋ ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀባት፣ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳወጣች፣ ፍሬን ሲያዝ በስንት ሜትር እንደቆመች ሁሉ ይናገራል።

ነገርየው ትንሽ ይገርማል። ስልኩ ከሞተሩ ጋር በሽቦ አልተያያዘም። ጎማው ስንቴ እንደዞረ አልቆጠረም። በመስኮትም ወደ ውጭ አላየም። ታዲያ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ የመኪናዋን እንቅስቃሴ በምን አወቀ?

ይህንን ጥያቄ በሌላ መልኩ አንስቶ የመለሰ ሰው ከ170 ዓመት በፊት ፓሪስ ውስጥ ነበር። ስሙ ሌዎን ፉኮ ይባላል። ፈላስፋው ሚሼል ፉኮ አይደለም፣ የፊዚክሱ ፉኮ ነው። የእሱ ጥያቄ ደግሞ ከመኪና ይተልቅ ነበር። ሰማይን፣ ፀሐይንና ከዋክብትን ሳያይ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሆኖ ምድር እንደምትዞር ማሳየት ይቻላል ወይ የሚል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፉኮ ፓሪስ ውስጥ መስከረም 18 ቀን 1819 ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ አሳታሚ ነበር። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ አባቱ ስለሞተ ያደገው በእናቱ እጅ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉም ከእናቱ ጋር ኖረ። ሰውነቱ ደካማ ስለነበር አብዛኛውን ትምህርቱን የተማረው ቤቱ ውስጥ ነው። በትምህርቱ የሚያስደንቅ ልጅ አልነበረም። እጁ ግን ሌላ ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜው መጫወቻ ጀልባ፣ የቴሌግራፍ መሣሪያና ትንሽ የእንፋሎት ሞተር በራሱ እጅ ሠርቷል።

እናቱ ሐኪም እንዲሆን ተመኘች። እጁ ጎበዝ ነው፣ ጥሩ ቀዶ ጠጋኝ ይወጣዋል ተብሎ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ግን ደም ሲያይ አልቻለም። ትምህርቱን አቋረጠ። እንግዲህ ይህ ልጅ ዲግሪ የሌለው፣ ሒሳብም በወጉ ያልተማረ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በዚያን ዘመን በፈረንሳይ ሳይንስ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚይዙት ደግሞ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ የጠገቡ ሰዎች ነበሩ።

የሕክምና መምህሩ አልፍሬድ ዶኔ ግን ልጁን አልጣለውም። በማይክሮስኮፕ ለሚሰጠው ትምህርት ረዳት አደረገው። ፎቶግራፍ ገና አዲስ ነገር በነበረበት ጊዜ ፉኮ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን የደም ሕዋስ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ደም አስጠልቶት ከሕክምና የወጣው ልጅ የደምን ምስል አንሺ ሆነ። በ1845 ደግሞ ከጓደኛው ከኢፖሊት ፊዞ ጋር ሆኖ የፀሐይን ፎቶ አነሳ። በግልጽ የወጣ የመጀመሪያው የፀሐይ ፎቶ ይባላል።

በዚያው ዓመት ሌላም ሥራ አገኘ። ዶኔን ተክቶ ዡርናል ዴ ዴባ በተባለ ትልቅ ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ የሳይንስ ዓምደኛ ሆነ። በአካዳሚው ስብሰባ ላይ የተነገረውን ሰምቶ ለተራው አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ይጽፋል። የሚሰማውን ዝም ብሎ የሚያደንቅ ሰውም አልነበረም፤ ያላመነበትን ይተች ነበር። አንዳንድ አዋቂዎች በዚህ ጠልተውታል። ቀን ጋዜጣ፣ ማታ ሙከራ፤ ሕይወቱ እንዲህ ሆነ። ላቦራቶሪው መኖሪያ ቤቱ ነበር።

በ1850 ብርሃን በአየር ውስጥ እንደሚሄደው በውሃ ውስጥ እንደማይሄድ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚዘገይ በሚሽከረከር መስታወት አሳየ። በዚህ ጊዜ ከፊዞ ጋር ተለያይተው እየተሽቀዳደሙ ነበር፤ ፉኮ ቀደመው።

ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር የመጣው ከቶርኖ ነው። አዎ፣ ብረት ከሚቀረጽበት ከቶርኖ። ፉኮ ቶርኖው መያዣ ላይ ረጅምና ቀጭን የብረት ዘንግ አስሮ ነበር። ዘንጉን ነካ ሲያደርገው ወደላይና ወደታች መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ቶርኖውን ቀስ ብሎ አዞረው። ማንም ሰው ዘንጉ ከነመንቀጥቀጡ አብሮ ይዞራል ብሎ ይገምታል። አልዞረም። ዘንጉ ራሱ ከመያዣው ጋር ይዞራል፤ የሚንቀጠቀጥበት አቅጣጫ ግን መጀመሪያ በነበረበት ይቀራል። ወደላይና ወደታች ይንቀጠቀጥ የነበረው አሁንም ወደላይና ወደታች ነው።

ይህንን ብዙ የቶርኖ ሠራተኛ አይቶት ሊሆን ይችላል። ፉኮ ግን ቆም ብሎ አሰበበት። የሚወዛወዝ ነገር ከያዘው ነገር ጋር አልዞርም የሚል ከሆነ፣ የያዘው ነገር መዞሩን ይመሰክራል ማለት ነው። ቶርኖው ምድር ብትሆንስ? ዘንጉስ ፔንዱለም ቢሆን?

ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ 2 ሜትር ርዝመት ባለው የብረት ሽቦ 5 ኪሎ የሚመዝን የነሐስ ኳስ ሰቀለ። የመጀመሪያው ሙከራ ሽቦው ተበጥሶ ከሸፈ። እንደገና ሠራው። በጥር 1851 አንድ ሌሊት ፔንዱለሙ የሚወዛወዝበት መስመር ቀስ በቀስ ሲዞር በዓይኑ አየ። በእርግጥ የዞረው ፔንዱለሙ አይደለም። ከሥሩ የዞረችው ምድር ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፉኮ ኳሱን በእጁ ገፍቶ አልለቀቀውም። በእጅ ከተለቀቀ እጅ ሳያውቅ ትንሽ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ያቺ ትንሽ ግፊት ደግሞ ፔንዱለሙን ታጣምመውና የምድር መዞር ነው ወይስ የእጁ ስህተት ነው የሚለው አይለይም። ስለዚህ ኳሱን ወደ አንድ ጎን ስቦ በክር አሰረው። ፍጹም እስኪረጋ ጠበቀ። ከዚያ ክሩን በእሳት አቃጠለው። ክሩ ሲበጠስ ኳሱ ማንም ሳይነካው ተነሳ። የሙከራው ግማሽ ዕውቀት ያለው እዚህ ክር ላይ ነው። ወደ ስልካችን ስንመለስ ይህ ክር ያስፈልገናል።

በየካቲት የፓሪስ ሳይንቲስቶችን መጥታችሁ ምድር ስትዞር እዩ ብሎ ጋበዛቸው። በመጋቢት ደግሞ በሉዊ ናፖሊዮን ፈቃድ ፓንቴዎን በተባለው ግዙፍ ሕንፃ ጉልላት ሥር 67 ሜትር ሽቦ ላይ 28 ኪሎ የሚመዝን ኳስ ሰቀለ። አንድ ምልልስ ወደ 16 ሴኮንድ ተኩል ይፈጃል። ከሥሩ አሸዋ ተነጥፎ የኳሱ ጫፍ በተመላለሰ ቁጥር አሸዋውን ትንሽ ፈንጠር ብሎ ይጭረዋል። የፓሪስ ሕዝብ ተሰልፎ አየው።

ሒሳብ የጠገቡት ሰዎች ግን ደነገጡ። ከእነሱ ውስጥ ታላቁ የሚባለው ፑዋሶን ከዓመታት በፊት የምድር መዞር በፔንዱለም ላይ የሚያመጣው ለውጥ ለመታየት በጣም ትንሽ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። አሁን ዲግሪ የሌለው ጋዜጠኛ ምድር ቤቱ ውስጥ ሆኖ አሳያቸው። ሒሳቡንም ቢሆን አልተወላቸውም፤ ፔንዱለሙ በየቦታው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር የሚያሰላውን ቀላል ቀመር አብሮ ሰጠ። ቀመሩ የቦታውን ኬክሮስ ይጠይቃል። ፓሪስ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ወደ 32 ሰዓት ይፈጃል። ያንኑ ፔንዱለም ለምድር ወገብ በምትቀርበው አዲስ አበባ ብንሰቅለው ግን በቀመሩ መሠረት አንድ ዙር ለመጨረስ ከ6 ቀን በላይ ይፈጅበታል።

ፔንዱለሙ ግን በቦታው ላይ ስለሚመካ ፉኮን አላረካውም። በ1852 ሌላ መሣሪያ አሰበ። በፍጥነት የሚሽከረከር ከባድ ጎማ፣ በየአቅጣጫው እንደልቡ መዞር በሚችል ቀለበት ውስጥ የተያዘ። ጎማው እስከተሽከረከረ ድረስ ዘንጉ የያዘበትን አቅጣጫ አይለቅም፤ ምድር ግን ከሥሩ ትዞራለች። መሣሪያውን ፍሮማን የተባለ ጎበዝ ባለሙያ ሠራለት። ለውጡ በጣም ትንሽ ስለነበር በማይክሮስኮፕ ነበር የሚታየው። ፉኮ ከግሪክ ቋንቋ ስም አወጣለት፤ ጋይሮስኮፕ። መዞርን የሚያይ ማለት ነው።

ይኸው ቃል ዛሬ ስልካችሁ ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አይፎን 4 በ2010 ሲወጣ ከተኩራራባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ስልክ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ጎማ የለም። ከፀጉር የቀጠኑ የሲሊከን ቁርጥራጮች ናቸው ያሉት፤ በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ። ስልኩ ሲዞር መንቀጥቀጡ በነበረበት አቅጣጫ መቀጠል ይፈልጋል፣ ከስልኩ አንጻር ሲታይ ወደ ጎን ያፈነግጣል፤ ስልኩም ያቺን ማፈንገጥ በኤሌክትሪክ ይለካታል። ስሙ የመጣው ከ1852ቱ ጎማ ይሁን እንጂ አሠራሩ የቶርኖው ላይ ዘንግ ነው።

ታዲያ ይህ ከመኪና ጉልበት ጋር ምን አገናኘው?

የመኪናን ፍጥነት አጨማመር የሚለካው ሌላው ሴንሰር ነው፤ አክስለሮሜትር ይባላል። በሞላ ላይ የተንጠለጠለች ኢምንት ክብደት አስቡ። መኪናዋ ወደፊት ስትወረወር ክብደቷ ወደኋላ ትቀራለች፤ ወንበሩ ጀርባችሁን የሚገፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ስልኩ ያንን በሴኮንድ 100 ጊዜ ያህል እያነበበ ይደምረዋል፤ ድምሩ ፍጥነት ይሆናል። ጂፒኤስ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ አንዴ ብቻ ስለሚያነብ ለአጭር ሩጫ ይዘገያል።

ችግሩ አክስለሮሜትር የመሬት ስበትንም አብሮ መቁጠሩ ነው። መኪናዋ ቆማ እያለች እንኳ 9.8 ብሎ ያነባል። ስልኩ ፍጹም ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ አፑ ይህንን ቀንሶ ይጥለዋል። ግን ነዳጅ ሲረገጥ መኪናዋ ምን ታደርጋለች? አፍንጫዋን ቀና፣ ኋላዋን ዝቅ ታደርጋለች። ስልኩም አብሮ ያዘነብላል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ከስበቱ ውስጥ 0.17 ያህሉ እንደ መኪናዋ ጉልበት ይቆጠራል። ትንሽ ይመስላል። ለ10 ሴኮንድ ሲደመር ግን በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር የበለጠ የሐሰት ፍጥነት ነው። መኪናዋ ያልሮጠችውን ሮጠች ማለት ነው።

ጋይሮስኮፑ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ምን ያህል እንዳዘነበለ በየቅጽበቱ ይነግራል፤ አፑም ስበቱን ለይቶ ያወጣል። አፑ ጋይሮስኮፑን የማይጠቀም ከሆነ ወይም ስልኩ ጋይሮስኮፕ ከሌለው የሚወጣውን ቁጥር በጥርጣሬ እዩት።

የፈረስ ጉልበቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 20 ሜትር እየሄደች ፍጥነቷ በየሴኮንዱ በሴኮንድ 2 ሜትር ከጨመረ፣ 1,200 ሲባዛ በ2 ሲባዛ በ20 ነው፤ 48,000 ዋት። ወደ ፈረስ ጉልበት ሲመለስ ወደ 64 ይሆናል። ይህ ደግሞ ሞተሩ ያወጣው ጠቅላላ ጉልበት አይደለም። ማርሹ፣ ጎማውና ንፋሱ የበሉት ተቀንሶ የተረፈው ነው። ክብደቱንም አፑ ራሱ አያውቀውም፤ እናንተ ናችሁ የምትነግሩት። አንድ ጓደኛና ሻንጣ ረስታችሁ 100 ኪሎ ብታሳንሱ ውጤቱ ከመቶ 8 ያህል ይሳሳታል።

አሁን ያቺ የተቃጠለች ክር ትምጣ። ፉኮ ኳሱ እስኪረጋ እንደጠበቀው ሁሉ እናንተም ከመነሳታችሁ በፊት ሞተሩ በርቶ፣ መኪናዋ ቆማ፣ አፑ ራሱን እስኪያስተካክል ለጥቂት ሴኮንዶች ጠብቁ። ስልኩን ሰው በእጁ እንዳይዘው፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ የመኪና ጉልበት ሆኖ ይመዘገባል። የሚወዛወዝ ማስቀመጫም አይሆንም። መንገዱ ሜዳ ይሁን፤ ቁልቁለት ለማንኛውም መኪና ጉልበት ይጨምራል። ሄዳችሁ፣ ዞራችሁ፣ በዚያው መንገድ ተመልሳችሁ የሁለቱን አማካይ ውሰዱ። ይህ ሁሉ ደግሞ ለትራፊክ በተዘጋ ቦታ እንጂ ሰው በሚሻገርበት መንገድ ላይ አይደረግም። አንድ ቁጥር ለማየት የሰው ሕይወት አይያዝም።

አዲስ አበባ ላይ የምትለኩ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ባነሰ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 10 ሴኮንድ የተባለች መኪና እዚህ ከዚያ በላይ ብትፈጅ ሞተሩ አልቋል ብሎ መደምደም፣ ከሻጩ ጋርም መጣላት አይገባም። ስልኩ በደንብ የሚያገለግለው መኪናችሁን ከራሷ ጋር ለማወዳደር ነው። ከሰርቪስ በፊትና በኋላ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት።

ፉኮ ከመኪና ጉልበት ጋር ሌላም ዝምድና አለው። በ1855 የመዳብ ሳህን በማግኔት መሀል ሲያዞር ሳህኑ ለመዞር እየከበደና እየሞቀ እንደሚሄድ አሳየ። በሳህኑ ውስጥ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ በፈረንሳይኛ እስከዛሬ የፉኮ ከረንት ይባላል። ትላልቅ ጋራዦች መኪናን ሮለር ላይ አቁመው ጉልበቷን የሚለኩበት ማሽን፣ ዳይኖ የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ጎማውን የሚይዘው በዚሁ ዘዴ ነው። በሁለቱም በኩል፣ በትልቁ ማሽንም በኪስ ስልክም፣ የፉኮ እጅ አለ።

በዚያው 1855 የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ ኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው፤ የፓሪስ ኦብዘርቫቶሪም ፊዚክስ ባለሙያ አድርጎ ቀጠረው። በመጨረሻ ደመወዝ ያለው ሳይንቲስት ሆነ። እዚያም ለቴሌስኮፕ የሚሆን ብር የተቀባ የመስታወት አንጸባራቂ ሠራ። በ1862 የብርሃንን ፍጥነት በአንድ ክፍል ውስጥ ለክቶ በሴኮንድ 298,000 ኪሎ ሜትር አገኘ። ዛሬ የሚታወቀው 299,792 ነው። ስህተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

የገዛ አገሩ አካዳሚ ግን ለረጅም ጊዜ በሩን አልከፈተለትም። ዕጩ ሆኖ ሳይመረጥ ቀርቷል። የገባው በ1865 ነው፤ ፔንዱለሙ ፓንቴዎን ውስጥ ከተወዛወዘ 14 ዓመት በኋላ። በአባልነቱ ብዙም አልቆየም። በ1867 እጁ መደንዘዝ ጀመረ። ቀጥሎ መናገርና ማየት አስቸገረው። በእጁና በዓይኑ የኖረ ሰው በመጀመሪያ ያጣው እነሱን ነው። የካቲት 11 ቀን 1868 በ48 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ሞንማርትር መቃብር ነው።

ስሙ በኤፍል ማማ ላይ ከተጻፉት 72 ስሞች መካከል ይገኛል። የፔንዱለሙ ቅጂም ፓንቴዎን ውስጥ አለ። ከፑዋሶን ጋር ሲነጻጸር ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ ግን አንድን ነገር ከመለካቱ በፊት የሚያሳስተውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ያስወግድ ነበር። ኳሱን የሚገፋውን እጅ በክር ተካው፣ ክሩን በእሳት።

ስልካችሁ ውስጥ ያለው ጋይሮስኮፕ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ምድር ስትዞር ማየት አይችልም። የምድር መዞር በሴኮንድ 0.004 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በሴንሰሩ የራሱ ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል። ፉኮ ግን በ1852 በእጅ በተሠራ ጎማና በማይክሮስኮፕ አይቶታል። ልዩነቱ መሣሪያው ላይ ብቻ አይደለም፤ ከመልቀቁ በፊት ኳሱ እስኪረጋ የጠበቀው ሰው ላይም ነው። አፑን ስትከፍቱ እናንተም ትንሽ ጠብቁ።